ቅሬ የማይቀር ሰው ስብሰባ ለምን ይቀራል?

ደሴ የማውቃቸው አንድ የቤተ ሙከራ ረዳት አሉ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠሩት፤ የትኛው እንደሆነ ይቅርብን። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ድንኳን ከሚተክሉት መሀል ታገኟቸዋላችሁ። ጉሙ ገና ጦሳን አልለቀቀም፤ እሳቸው ካስማ እየመቱ ነው። የፊርማ ወረቀት የለም። አበል የለም። ወንበር ይሸከማሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ቆፋሪ ከጎደለ ዶማ ያነሳሉ።

እኚሁ ሰው ሰኞ ሥራ ይገባሉ። 2:30 ላይ ይፈርማሉ። ከዚያ የላቡን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ላውንጅ ይቀመጣሉ። ማይክሮስኮፕ ተበላሸ ሲባሉ «አመልክቻለሁ» ይላሉ። ስብሰባ ካለ ወይ ይቀራሉ፣ ወይ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ስልካቸውን ይነካካሉ።

ሰነፍ ናቸው እንዳልል ቅዳሜያቸውን አይቻለሁ። ታዲያ ሰኞ ምን ነካቸው?

አብዛኛው ሰው መልሱን በአንድ ቃል ይዘጋዋል፤ ደመወዝ። ቅሬው ግን ሳንቲም አይከፍላቸውም። እንዲያውም በየወሩ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ የሚቀብርበት፣ የሚያለቅስበት፣ አንዳንዴም ጠቡን የሚያበርድበት ማኅበር።) ስለዚህ ነገሩ ከደመወዝ ሰፋ ይላል። ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ሞራል ብዙ ስለሚወራ፣ ቀስ ብለን እንየው።

«የሥራ ቦታ ባህል» ሲባል ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ «ተነሳሽነት» የሚለውን እንያዝ። ሰው ሥራ እንዲጀምር፣ ሲከብደው እንዳይጥለው፣ ማንም በማያየው ሰዓት እንኳ ደህና አድርጎ እንዲሠራው የሚገፋው ነገር ነው። ግፊቱ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ደመወዝ፣ ቅጣት፣ ሹመት። ከውስጥም ይመጣል፤ ሥራውን መውደድ፣ «ይኼ የኔ ነው» ማለት፣ የሚያከብሩህ ሰዎች ፊት ላለማፈር።

የሥራ ቦታ ባህል ደግሞ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው» ስንል «እንዲህ» የምንለው ነው። ደንብ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ሰው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል።

እኔ የተማርኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ገና የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ለአንድ ኮርስ ኖት ላዘጋጅ ብዬ ምሽት ድረስ ቢሮ ቆየሁ። አንድ ነባር የሥራ ባልደረባ በበሩ አንገቱን አስገብቶ አየኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ታላቅ ወንድም ነው የተናገረው። «ወንድምዬ፣ አትልፋ። እዚህ ቤት ማንም አያይልህም።» የሰው ኃይል አስተዳደር ኦረንቴሽን ብሎ ሁለት ሰዓት ካወራን ነገር አንዱም ትዝ አይለኝም። ይቺን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ኤድጋር ሻይን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር የመሥሪያ ቤት ባህል ሦስት ንብርብር አለው ይላል። በኛ ቤት ብንተረጉመው ደጃፍ፣ ሳሎንና ጓዳ ነው። ደጃፉ ዓይን የሚያየው ነው፤ ሕንጻው፣ የበሩ አርማ፣ ባጁ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ። ሳሎኑ ለእንግዳ የሚነገረው ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት። «የላቀ አገልግሎት»፣ «ግልጽነት»፣ «ተማሪ ተኮር»። ጓዳው ግን ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው፣ ሁሉም ግን እውነት ነው ብሎ የሚኖርበት እምነት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ጓዳ ውስጥ ካለ፣ ሳሎን «ሐቀኝነት» ተብሎ ቢሰቀልም ዋጋ የለውም። ሠራተኛው የሚሠራው እንደ ጓዳው ነው።

ታዲያ ደመወዝ ምንም አይደለም?

ነው እንጂ። የቤት ኪራይ በተነሳሽነት አይከፈልም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000፣ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እሰየው ነው። ገበያ ወጥቶ ዘይትና ጤፍ የጠየቀ ሰው ግን ቀሪውን ታሪክ ያውቀዋል። ስለዚህ «መምህር የሚሠራው ለክብሩ ነው» እያለ ስለ ሆድ እንዳይወራ የሚፈልግ አለቃ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁት።

ነገር ግን ደመወዝ የሚሠራው ሥራ የተወሰነ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ፒትስበርግ ከተማ አካባቢ ሁለት መቶ የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠየቀ። ሥራችሁ ላይ በጣም ደስ ያላችሁን ጊዜ ንገሩኝ፤ በጣም የከፋችሁንም ንገሩኝ። የሁለቱ መልስ የተለያየ ሆነ። ሰዎቹ የከፋቸውን ሲያወሩ የሚያነሱት የአስተዳደር ደንብን፣ አለቃን፣ ደመወዝን፣ የሥራ ሁኔታን ነው። ደስ ያላቸውን ሲያወሩ ደግሞ ሠርተው ያሳኩትን፣ የተመሰገኑበትን፣ ኃላፊነት የተሰጣቸውን፣ ያደጉበትን።

ደመወዝን ጨው በሉት። ጨው ከሌለው ሽሮው አይበላም። ጨው ስለጨመርን ግን ሽሮው ዶሮ አይሆንም።

ጥናቱን የሚተቹ አሉ፤ ትችቱም ደህና ትችት ነው። ሰው ሲሳካለት ራሱን፣ ሲበላሽበት መሥሪያ ቤቱን ነውና የሚያነሳው፣ መልሱ ከመጀመሪያውም ያዘነበለ ነው ይላሉ። ቢሆንም ሐሳቡ ላውንጅ ውስጥ ከምንሰማው ወሬ ጋር ይገጥማል።

ደመወዝ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው የሚቆጥረው የራሱን ብር ብቻ አይደለም። የጎረቤቱንም ይቆጥራል። አንድ ሴሚስተር የኦቨርሎድ ክፍያችን ወራት ዘገየ። ኦቨርሎድ መምህሩ ከተመደበለት ሰዓት በላይ ሲያስተምር የሚከፈለው ነው። ማጉረምረም ነበረ፤ ግን ሰው ያስተምር ነበር። የጎናችን ዲፓርትመንት ቀድሞ እንደተከፈለው በተሰማ ሳምንት ግን ነገር ተበላሸ። ሜክአፕ ክላስ (የማካካሻ ትምህርት) ቀረ። ፈተና ማረም ዘገየ። ብሩ ከበፊቱ አልቀነሰም፤ የተለወጠው «እኛን ንቀውናል» የሚለው ስሜት ነው። ይህንን ስቴሲ አዳምስ የሚባል ተመራማሪ በ1963 በእነሱ አቆጣጠር እንደ ንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል። ሰው የሚሰጠውንና የሚያገኘውን ከሌላው ሰው ጋር ያመዛዝናል። ሚዛኑ ካጋደለበት የሚቀንሰው እጁ ላይ ያለውን ነው፤ ልፋቱን።

ዩኒቨርሲቲ ከሌላ መሥሪያ ቤት በምን ይለያል?

ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ግቡ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሠራተኛ ስንት ሜትር ጨርቅ እንዳወጣ ይቆጠራል። ክሩ ከተበጠሰ ማሽኑ ይቆማል፤ ሁሉም ያያል።

መምህር ግን ክፍል ገብቶ በር ይዘጋል። ከበሩ ኋላ ሌሊቱን አንብቦ የመጣም አለ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ኖቱን ፎቶ ኮፒ ያደረገም አለ። አቴንዳንሱ አንድ ነው። ደመወዙም አንድ ነው። ተማሪው ልዩነቱን ያውቃል፤ ግን ልዩነቱ የሚገለጠው ዓመታት ቆይቶ፣ ልጁ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲን ከውጭ በሚመጣ ግፊት ብቻ ማሠራት አይቻልም። የሥራው ትልቁ ክፍል በዘበኛ አይጠበቅም። ፋብሪካ ውስጥ መጥፎ ባህል ምርት ይቀንሳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ዲግሪው እንዳለ ሆኖ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ አይወራበትም። ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ናቸው። መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች።

መምህሩ መሰላል አለው። ከምሩቅ ረዳት ይጀምራል፣ ሌክቸረር ይሆናል፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ትምህርት ይላካል። ጽሑፍ ያሳትማል፣ ስሙ ይወጣል። ሪጅስትራር የምትሠራው ልጅ ግን ክፍት ቦታ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ቦታው ሲወጣ ደግሞ ለማን እንደሚወጣ ቀድሞ ይወራል። ተማሪው እሷን በስሟ አይጠራትም። መምህሩም ብዙ ጊዜ አይጠራትም። «ሰፖርቲቭ ስታፍ» ነው የምትባለው፤ ደጋፊ ማለት ነው። ደጋፊ ተብለው ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉ።

አንዷን ላሳያችሁ። የምዝገባ ሰሞን ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ሰልፉ ደረጃውን ወርዷል። ከወግዲ የመጣ ተማሪ ውጤቱ «ኤንጂ» ይላል፤ መምህሩ ስላላስገባ ነው። ልጁ የሚጮኸው ግን በመምህሩ ላይ አይደለም፤ በመስኮቱ ላይ ነው። እሷ መምህሩ ጋ ትደውላለች፤ አይነሳም። ዲፓርትመንት ሄዱ (የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ) ጋ ትደውላለች፤ ስብሰባ ላይ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ድረስ ቆይታ፣ ወረቀቱን በእጇ አዙራ፣ አስፈርማ ልጁን አስመዘገበችው። ይኼ ሥራዋ አይደለም። የሥራ መዘርዝሯ ላይ የለም።

ሰኔ ላይ ምረቃ መጣ። መድረክ ላይ ምስጋና ተነበበ። ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሎቹ፣ ዲኖቹ፣ አስተባባሪ ኮሚቴው፣ የጸጥታ አካላት፣ የደሴ ሕዝብ ሳይቀር። ሪጅስትራር ተዘለለ። ረስተውት ነው፤ ተንኮል የለውም። በዓመቱ መስኮቷን የሥራ ሰዓት እንዳበቃ መዝጋት ጀመረች። ሕግ አልጣሰችም። ማንም አልተቆጣትም። ከወግዲ የመጣው የሚቀጥለው ልጅ ግን አልተመዘገበም።

ቁጥጥር ቢጠብቅስ?

ይህ የመጀመሪያው የአለቃ ሐሳብ ነው። ሰው ካልሠራ እናስፈርመው። ጠዋትና ማታ፣ ካስፈለገም በአሻራ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ብዙ መሣሪያ አይተዋል። ቢፒአር (የአሠራር ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መመዘኛ) መጣ፣ 1 ለ 5 አደረጃጀት መጣ፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት ማሻሻል የሚለው ካይዘንም ከጃፓን መጣ። በራሳቸው መጥፎ አይደሉም። ካይዘን የሠራበት ቦታ ዕቃ ከቦታው ይገኛል፣ መንገድ ይጸዳል። ችግሩ መሣሪያው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ጓዳው ይውጠዋል። ዕቅዱ ከሪፖርቱ በኋላ ይጻፋል። የ1 ለ 5 ቃለ ጉባኤ ሰኔ ላይ ለዓመቱ ሙሉ በአንድ ቀን በተለያየ እስክሪብቶ ይሞላል። የምዘና ፎርም ላይ ሁሉም 90 እና 95 ያገኛል፤ አለቃው «የሰው እንጀራ ልቁረጥ እንዴ?» ይላልና። ሁሉም 95 ካገኘ የሠራው ሰው 95 የት ሄደ?

የመምህራን ምዘና ላይም እንዲሁ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁ ነጥብ የሚመጣው ከተማሪ ነው። ተማሪ መጠየቁ ተገቢ ነው። ግን ጥብቅ አርሞ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ መምህር፣ በቀጣዩ ሴሚስተር እርማቱን ላላ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል?

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። በ1971 በእነሱ አቆጣጠር ኤድዋርድ ዴሲ የሚባል ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገጣጠም እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ያለ ክፍያም ይጫወቱበታል። ከዚያ ለግማሾቹ ለፈቱት እያንዳንዱ እንቆቅልሽ አንድ ዶላር ከፈለ። በሦስተኛው ቀን ክፍያው ቀረ። ተመራማሪው ሰበብ ፈልጎ ከክፍሉ ይወጣና በዚያች ዕረፍት ሰዓት ማን እንቆቅልሹን እንደሚነካ በድብቅ ያያል። የተከፈላቸው ልጆች ፍላጎታቸው ቀዝቅዞ ተገኘ። ጨዋታው ሥራ ሆነባቸው። ሌላም አገኘ። በብር ፈንታ «ጎበዝ፣ ጥሩ ሠራህ» የተባሉት ግን ፍላጎታቸው አልወደቀም።

ከዚህ «ደመወዝ አትክፈል» የሚል ትርጉም የሚያወጣ ካለ ተሳስቷል። ነገሩ ሌላ ነው። ሽልማትም ፊርማም «እያየሁህ ነው» የሚል ድምፅ ካለው፣ ከውስጥ የሚመጣውን ግፊት ይነጥቃል። ሰውየው ለፊርማው መሥራት ይጀምራል። ፊርማው 2:30 ይላል፤ እሱም 2:30 ይመጣል፣ 2:35 ላይ ሻይ ይጠጣል።

ለምን ማንም አይናገርም?

ስብሰባ ውስጥ ናችሁ። ዲኑ አርባ ደቂቃ አወሩ። «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ዝምታ። አንድ ሰው ሳለ። «ካልሆነ እንግዲህ…» ስብሰባው አለቀ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሩ አጠገብ ያለችው ቡና ቤት ሂዱ። ሁሉም ይናገራል። ችግሩን ያውቁታል፣ መፍትሔውንም ያውቁታል፣ ማን ጋ እንደተያዘም ያውቁታል። እውነተኛው ስብሰባ የጀበናው ነው። ቃለ ጉባኤ የለውም እንጂ።

«ዝም አይነቅዝም» ብለን አድገናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለናል። በዚያ ላይ በግምገማ ዘመን የተናገሩት ነገር ዞሮ እንደሚመጣ ያየ ትውልድ አለ። ስለዚህ ዝምታው ስንፍና አይደለም። ሒሳብ ነው። ብናገር ምን አገኛለሁ? ብዙ ጊዜ መልሱ ምንም ነው። ምን አጣለሁ? መልሱ የትምህርት ዕድል፣ የቤት ተራ፣ ሰላም ነው።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማት። ደህና የሚመሩት የነርሶች ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። መጥፎ የሚመሩት ደግሞ ጥቂት። እንዴት ይሆናል? ቆይታ ስትመረምር ገባት። ደህናዎቹ ብዙ ስለሚሳሳቱ አልነበረም። ስህተታቸውን ስለሚናገሩ ነው። ሌሎቹ ይደብቃሉ።

አሁን ወደኛ ሪፖርት እንመለስ። «በበጀት ዓመቱ ያጋጠመ ችግር፦ የለም» የሚል ሪፖርት ስናይ ምን ማሰብ እንዳለብን ከዚህ ይገባል።

ወሎ ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?

ወሎ ውስጥ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያና በመርሳ፣ ታናሹ መቅደላ አምባ ደግሞ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም። ታላቁ እንኳ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ነው። አገሪቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ የሆኑት በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው።

ይህ ለባህል ትልቅ ነገር ነው። ባህል የሚወረሰው ከታላቅ ነው። ያረጀ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ ገቢ መምህር ሽበታሙን ፕሮፌሰር ያያል፤ እንዴት እንደሚያርም፣ እንዴት «አላውቅም» እንደሚል። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ሐምሌ ላይ የተመረቀ ልጅ መስከረም ላይ ያስተምራል። የሚያየው ታላቅ የለም። ስለዚህ ባህሉን የሚወርሰው ከቢሮው ነው፤ ከደብዳቤው፣ ከ«ለሚመለከተው ክፍል ይመራ»ው።

ሌላው ቦታው ነው። ቱሉ አውሊያ የተመደበ መምህር ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ከሆነ ዓርብን ነው የሚቆጥረው። ሁለት ግቢ ባለበት ደግሞ ሰርቪሱ ራሱ ባህል ይሠራል። ደሴ የሚኖርና ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ትክክለኛ የሥራ ሰዓቱ የደንቡ አይደለም፤ የአውቶብሱ ነው። አውቶብሱ 10:30 ከተነሳ 10 ሰዓት ላይ ቦርሳ መዝጋት ይጀመራል። ተማሪ 10:10 ላይ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ «ነገ» ይባላል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሐረጎን በታክሲ መውጣት ከኪስ ነው።

ጦርነቱም አለ። በ2014 ዓ.ም. የወሎም የወልድያም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒዩተር፣ የላብ ዕቃ፣ የተማሪ አልጋ። ሰው ቤቱም ቢሮውም ፈርሶበት ነው የተመለሰው። ያኔ የነበረ አንድ ወዳጄ ስለዚያ ወር ሲያወራ ምን ይላል መሰላችሁ? ስለ ዘረፋው ብዙ አያወራም። «የተሰበረ መስታወት ስንጠርግ ዲኑም መጥረጊያ ይዞ ነበር» ነው የሚለው። ደጋግሞ ነው የሚያነሳው። ደመወዙም ማዕረጉም በዚያ ወር አላደገም።

ቅሬው ታዲያ ምን አለው?

ወደ እኚያ ሰው እንመለስ። አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅኳቸው። «ቅሬ ላይ እንዲህ ሆነው፣ እዚህ ምነው?» ሳቁ። «እዚያ ብቀር ምነው፣ ታመው ነው ወይ ይሉኛል» አሉኝ። «እዚህ ብቀር ይቆርጡብኛል።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብኩም። ግን ትንሽ ልዘርዝረው። ቅሬ ላይ የሠሩት ያኔውኑ ይታያል፤ ድንኳኑ ቆሟል፣ ሬሳው በክብር ወጥቷል። ቅጣቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሀብታሙም ቢቀር ይከፍላል። ተራው ይደርሳል፤ ዛሬ የተሸከሙለት ነገ ይሸከማሉ። በስብሰባው ላይ ደግሞ የቅሬው ዳኛ ቢያጠፋ ዳኛውን ይናገሩታል። መጥፋታቸው ሲታይ የሚመጣው መጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ ቅጣት በኋላ።

ይሁንና ቢሮን ቅሬ እናድርገው የሚል ሰው ካለ ልቃወመው። የቅሬ ኃይል ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ቢሮ ሲገባ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። «ለሱማ እንዴት ብዬ ጽፌ»፣ «የእትዬ ልጅ አይደል»፣ «ታዝኛለች»። ቅጥር በዝምድና፣ ዝውውር በውለታ ይሆናል። ያ ደግሞ ቅድም ያየነውን የጎረቤት ሚዛን ይሰብራል። ከቅሬ መውሰድ ያለብን ሕጉ ለሁሉም አንድ መሆኑንና «ታመው ነው ወይ» የሚለውን ጥያቄ ነው። ይሉኝታው እዚያው ይቅር።

ማን ነው የሚቀይረው?

ሚኒስቴሩ በደብዳቤ አይቀይረውም። ፕሬዚዳንቱም ብቻቸውን አይችሉም፤ ሰው ሳያውቃቸው ይቀየራሉ። ሠራተኛ በየቀኑ የሚያየው ባህል የቅርብ አለቃው ነው። ለመምህር ዲፓርትመንት ሄዱ፣ ለአስተዳደር ሠራተኛ ቡድን መሪው። የሚገርመው ዲፓርትመንት ሄድነትን የሚፈልግ ሰው ትንሽ ነው። አበሉ ትንሽ፣ ጭቅጭቁ ብዙ። ለማስተዳደር የተማረም የለም፤ ኬሚስትሪ ተምሮ ሰው ላይ ይሾማል።

ቢሆንም ሲሠራ አይቻለሁ። አንድ ሄድ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያደረገው አንድ ነገር ነው። የኮርስ ድልድሉን በኤ ፎር አትሞ ኮሪደር ላይ ለጠፈው። ማን ስንት ሰዓት፣ ማን ኦቨርሎድ፣ ለምን። ከጎኑ እስክሪብቶ በክር አንጠለጠለ፤ ቅሬታ ያለው እዚያው ይጻፍ። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱ በጽሑፍ ጠቆረ። ከተጻፈው ሁለቱን አስተካከለ፤ ሦስተኛውን ለምን እንደማያስተካክል ሥሩ ላይ ጻፈ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ያም የስም ፊደል ስህተት ነው።

እኚያ የቤተ ሙከራ ረዳትም አንድ ነገር ገጠማቸው። አዲስ የመጣች መምህርት ላብ ልታስተምር ገባች። ስድስት ማይክሮስኮፕ አለ፤ የሚሠራው ሁለት ነው። «ማመልከቻ ጽፌያለሁ» አሏት እንደ ልማዳቸው። እሷ ግን አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይቺን ምን ያደርጓታል?» አለቻቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ መሳቢያ ከፈቱ። ዊንጮች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሌንስ፣ ከአሮጌ የእጅ ባትሪ የተፈታ አምፖል። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደጎደለው ያውቁ ነበር። ከአራቱ ሙት ሁለት የሚሠራ አወጡ። መምህርቷ የላብ ማኑዋሉን ስታሳትም የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያዘጋጁት» ከሚለው ሥር ከስሟ ቀጥሎ ስማቸውን ጻፈች። አንድ ቅጂ ቤታቸው ወስደዋል፤ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አይቼዋለሁ።

ስብሰባ ላይ ግን አሁንም ከኋላ ነው የሚቀመጡት።